አንድ ክፍል ሙሉ ጥቅም የሌለው ወረቀት

እኔ ወረቀት የማስቀምጥ ሰው ነኝ። ይህን ስል የሚስቁ አሉ፤ ይሳቁ። ሐረር ውስጥ፣ ከጀጎል ግንብ ውጭ በአዲሱ ከተማ፣ ከፍርድ ቤቱ ጀርባ በነበረች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ሕዝቡ «የድኃ ጠበቃ ቤት» ይለን ነበር። ጠበቃ ማቆም የማይችል ሰው በከባድ ወንጀል ሲከሰስ ችሎቱ ጠበቃ ይመድብለታል፤ የሚመደቡት የኔ አለቃ ነበሩ። ሦስት ነበርን። ጠበቃው ይከራከራሉ፣ አስተርጓሚው ኦሮምኛውንም ሐረሪኛውንም ወደ አማርኛ ይመልሳል፣ እኔ ደግሞ ወረቀት እፈልጋለሁ። ለተከሳሹ የሚጠቅም አንድ መስመር የትም ተጽፎ ቢሆን፣ ከየመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ቤት አቧራ ውስጥ ቆፍሮ ማውጣት የኔ ፋንታ ነበር።

ሰው ዳኛንና ጠበቃን ያከብራል፤ የመዝገብ ቤት ጸሐፊ ግን በር ላይ ከተቀመጠው ዘበኛ እኩል ነው። ዶሴ ልጠይቅ ስሄድ «ነገ ና» ያላለኝ ሹም የለም። ነገ ስሄድ ቁልፍ ያዡ ለቅሶ ሄዷል። ከነገ ወዲያ ስሄድ ደግሞ «የመሸኛ ደብዳቤህ ማኅተሙ ደብዝዟል» እባላለሁ። ወህኒ ቤት የተቀመጠው ሰው ግን ነገንም ከነገ ወዲያንም አንድ በአንድ ይቆጥራል። ይህ ያናድደኝ ነበር፤ አሁንም ሳስታውሰው ያናድደኛል። ያም ሆኖ እነዚያን ሹሞች ስረግም ስንት ጊዜ ራሴን ስረግም እንደኖርኩ ያወቅሁት በአንዲት እንጨት ተሸካሚ ሴት ምክንያት ነው።

መጀመሪያ ያየኋት ወህኒ ቤቱ ግቢ ውስጥ መሬት ላይ ተቀምጣ ነው። ዕድሜዋ ሠላሳ ቢሆን ነው። ከኤረር ሸለቆ እንጨት ተሸክማ እየመጣች ሐረር የምትሸጥ ነበረች። ከታሰረች ዓመት አልፏታል። የተከሰሰችበት ነገር በሞት የሚያስቀጣ ነው፦ የአንድ ባለመሬት ጎተራ አቃጥላለች፣ በቃጠሎውም ዘበኛው ሞቷል ተብላለች። ባለመሬቱ የምታርሳትን ቁራሽ መሬት ነጥቆ ለሌላ ጭሰኛ ሰጥቶባት ስለነበር፣ በገበያ መሐል ቆማ ረግማዋለች። መርገሟን ያልሰማ አልነበረም። ሦስት ምስክሮች፣ ሦስቱም የባለመሬቱን እንጀራ የሚበሉ፣ በኅዳር ሚካኤል ዕለት ቀትር ላይ ችቦ ይዛ ስትሮጥ አየናት ብለው ምለዋል። በጠራራ ፀሐይ ችቦ ምን ይሠራላታል ብሎ የጠየቀ ፖሊስም ዐቃቤ ሕግም አልነበረም።

ጠበቃችን ጠየቋት። «ያን ዕለት የት ነበርሽ?»

ሚካኤል የምንለውን ቀን አታውቀውም። ግን እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን አሳየችን። ከትከሻዋ ዝቅ ብሎ ክብ ጠባሳ አለ። «ክንዴን የወጉኝ ቀን ነው» አለች በአስተርጓሚው በኩል። «ማታ ወደ ቤቴ ስወርድ ጭሱ ገና አልጠፋም ነበር። ጎተራው ተቃጠለ ሲሉ ሰማሁ። በማግስቱ መጥተው ያዙኝ።»

የፈንጣጣ ክትባት ነው። ያን ሰሞን ክትባት ሰጪዎች በየበሩ ጠረጴዛ አውጥተው ወደ ከተማው የሚገባውን ገበያተኛ ሁሉ ይከትቡ ነበር። እሷ ደግሞ እንጨቷን አውርዳ ኤረር በር ላይ ወረፋ ቆማለች።

«ስንት ሰዓት ላይ ደረሰሽ?» አሏት ጠበቃው።

«ሰዓት አላውቅም። ጠዋት ስንቆም ፀሐዩ ጀርባችንን ይመታን ነበር። የግንቡ ጥላ ወደኛ ወጥቶ እግሬን ሲነካኝ ተራዬ ደረሰ።»

ኤረር በር ወደ ምሥራቅ የሚመለከት በር ነው። የግንቡ ጥላ ከበሩ ውጭ ያለውን ሰው የሚነካው ቀትር ካለፈ በኋላ ብቻ ነው። ባለመሬቱ ዘንድ ለመድረስ ደግሞ የግማሽ ቀን መንገድ አለ። ጠበቃው ወደኔ ዞረው አዩኝ። አብረዋት ወረፋ የቆሙ ሁለት እንጨት ሻጮች እንዳሉ ነገረችን፤ በኋላ መጥተው መሰከሩላት፤ ግን ዐቃቤ ሕጉ «ቀኑ ስንት ነበር?» ሲላቸው ሁለቱም አናውቅም አሉ። ክንዷ ላይ ያለው ጠባሳም ቀን አልተጻፈበትም።

«ሌላስ? ከወጉሽ በኋላ ምን አደረጉሽ?» አልኳት እኔ።

አውራ ጣቷን አነሳች። «ቀለም ነክረው ወረቀት ላይ አስጫኑኝ።»

ያኔ የተሰማኝን ደስታ መናገር አፍራለሁ። ለእሷ ብቻ አልነበረም የተደሰትኩት፤ ወረቀቱን ስለማውቀው ነው። ወደ ድኃ ጠበቃ ቤት ከመዛወሬ በፊት በአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ኃላፊ ነበርኩ። ስሙን አልጠራውም። የክትባቱ ዝርዝር ለዚያ መሥሪያ ቤት ነበር የሚላከው፤ በእጄ ፈርሜ የተቀበልኩትም እኔ ነኝ። ከታቢው ንጹሕ ሠራተኛ ነበር። የተከተበውን ሰው ስም ከነአባቱ፣ አገሩን፣ አሻራውን በየመስመሩ ያስፍራል። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ገጹን በመስመር ይዘጋና ይፈርማል፤ ከምሳ በኋላ በአዲስ ገጽ «ከቀትር በኋላ» ብሎ ይጀምራል። የእሷ ስም ያለበት ገጽ ከተገኘ ሦስቱ ምስክሮች ውሸታሞች ናቸው። «አለቀ! አገኘናት!» አልኩ። ወህኒ ቤቱ በር ላይ ልጃቸውን ለመጠየቅ የተቀመጡ አሮጊት እናቷ ነበሩ። ልጃቸው ከታሰረች ወዲህ እንዲቀርባቸው ብለው ከከተማው አጠገብ ሐኪም ጋራ ከሚባለው ተራራ ሥር አንዲት ዘመድ ዘንድ ተጠግተው በየሳምንቱ ምግብ በጨርቅ ቋጥረው ይመጣሉ። ለእሳቸውም አስተርጓሚው «ወረቀት አለ» ብሎ አበሠራቸው። እጄን ይዘው ሳሙኝ።

በማግስቱ የድሮ መሥሪያ ቤቴ ሄድኩ። በሩ ላይ የድሮ አለቃዬ በትልቅ ፊደል ያስጻፉት ነገር እንዳለ ነው፦ «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል።» ወደ ውስጥ ስገባ መደርደሪያው ባዶ ነው። አዲሱ ጸሐፊ ትከሻውን ነቅንቆ የተወገዱ ወረቀቶች የተመዘገቡበትን ደብተር ሰጠኝ። ገጹን ገለጥኩ። «አንድ ክፍል ሙሉ፤ ተመርምሮ ጥቅም የሌለው ሆኖ የተገኘ ወረቀት» ይላል። ከሥሩ ፊርማ አለ። ፊርማው የኔ ነው።

ትዝ አለኝ። ነሐሴ ላይ ነው፣ ልዛወር ሁለት ሳምንት ሲቀረኝ። የዕቃ ቤቱ ጣሪያ ያፈስ ነበር፤ ከአዲስ አበባ ደግሞ አንድ ትልቅ ሰው ሊጎበኘን ይመጣል ተባለ። አለቃዬ «ይሄን ቆሻሻ በሁለት ቀን አጽዳልኝ» አሉኝ። ደንቡ ግን እያንዳንዱ ወረቀት ተነቦ ይለይ ይላል። ጣሪያውን ማደስ የአንድ ቀን ሥራ ነበር፤ ጣሪያው ግን አይታይም፣ ወረቀቱ ይታያል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው። እኔስ? እኔ አንድም ወረቀት አላነበብኩም። ተሸካሚዎቹ ሲጭኑ ፊት ለፊት ካለው ሻይ ቤት ተቀምጬ ሻዬን እየጠጣሁ አየሁ፤ ሲጨርሱ ገብቼ ፈረምኩ። የክትባቱ ዝርዝር ያኔ ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር። ሌላው ሹም እንዲህ ቢያደርግ ስንት ቀን ሳወራበት እከርም ነበር!

ወደ ጠበቃው ስመለስ «ተወግዷል» አልኳቸው።

«ማን ነው ያስወገደው?»

«መሥሪያ ቤቱ» አልኳቸው። ውሸት አልነበረም፤ እንዲያውም ከውሸት የከፋ ነበር።

እውነቱን ለአስተርጓሚው ብቻ ነገርኩት። የጀጎል ተወላጅ፣ እኩያዬ ነው። ሁልጊዜ «አንተ ጎጃሜ» እያለ የሚቀልድብኝ ሰው ያን ቀን አልቀለደም። «ወረቀቱ እኮ አልተቃጠለም፤ ተሽጧል። የመንግሥት ወረቀት የገዛ ሰው ጀጎል ውስጥ ይገኛል፤ ና እንሂድ» አለኝ።

ሰውየውን ከኤረር በር ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ባለ ጠባብ መንገድ ላይ አገኘነው፤ ቅመምና ኦቾሎኒ የሚሸጥ ባለሱቅ ነው። ሳቀብን። «ከመንግሥት ወረቀት የተሻለ መጠቅለያ የት ይገኛል? ወፍራም ነው፣ በርበሬ አያፈስም። ወላሂ አልቋል! መጋቢት ላይ አለቀ» አለ። ከዚያ የተቆጣ ፊቴን አይቶ ይሁን፣ አዝኖልኝ ይሁን፣ ከመንገዱ ማዶ ያለውን የእንጨት በር አሳየን። «አውን ጠይቁ። የሱቄ ደጃፍ ላይ የወደቀ ወረቀት ሁሉ እሳቸው ዘንድ ነው።» ሐረሪዎች የተከበረ ሽማግሌ ሰውን አው ይሉታል።

አው ቁርዓንና የድሮ መጻሕፍት የሚጠርዙ ሽማግሌ ነበሩ። ቀይ አፈር በተለቀለቀው ነደባ ላይ፣ ከፍ ባለው የቤታቸው መቀመጫ ማለቴ ነው፣ ቆዳና መርፌ ይዘው ተቀምጠዋል። አስተርጓሚው ጉዳያችንን ሲነግራቸው ሥራቸውን አስቀምጠው ተነሡና አንድ ጓዳ ከፈቱልን። ስምንት ጆንያ ወረቀት። የግቢያቸው የድንጋይ ግድግዳ ውስጥ ያሉት ቀዳዳዎችም በተጠቀለለ ወረቀት ተደፍነዋል።

«አማርኛ ያነባሉ?» አልኳቸው።

«አላነብም ልጄ።»

«ታዲያ ለምን ይለቅሙታል?»

የሞኝ ጥያቄ እንደጠየቅኩ ሁሉ አዩኝ። «የአላህ ስም ያለበት ቢሆንስ? የማላነበውን እንዴት ብዬ ልርገጠው?»

ማንበብ የምንችለው እኛ፣ የጻፍነው እኛ፣ ማኅተም የመታንበት እኛ ለበርበሬ ሸጥነው። ማንበብ የማይችሉት ሽማግሌ ጎንበስ ብለው ከአቧራ አነሡት። ጆንያው ፊት ቆሜ ተቃጠልኩ። ማን ላይ እንደምጮህ ግን አላወቅሁም።

ሁለት ሳምንት ከሥራ ስንወጣ እየሄድን፣ እስኪመሽ ድረስ ነደባው ላይ ተቀምጠን ለየን። ወረቀቱ የአብሽና የበርበሬ ጠረን አለው፤ አስተርጓሚው ሲያስነጥስ እኔ ዐይኔን ስጠርግ ነበር የምናመሸው። ምን ያልነበረ አለ! «አቤት» ብለው መሬታቸው የተወሰደባቸው ሰዎች ማመልከቻ ነበር። ለልጃቸው ሞት ፍትሕ የጠየቁ እናት፣ የጡረታ ደብዳቤው አልደርስ ያለው የጦር ሜዳ ሰው፣ ባሏ የት እንደታሰረ እንዲነገራት የለመነች ሚስት። ኅዳጋቸው ላይ በገዛ እጄ ጽሕፈት «እየታየ ነው» ብዬ ጽፌያለሁ። ምንም አይታይም ነበር። እነዚህ ሰዎች ስንት ጊዜ እየመጡ ደጃችን እንደቆሙ አስታውሳለሁ፤ «ዶሴዎ ሂደት ላይ ነው» እያልኩ የመለስኳቸውም እኔ ነኝ።

ገጹ የተገኘው ከጆንያው አይደለም፤ ከግድግዳው ነው። አው ራሳቸው ናቸው ከቀዳዳው ስበው የሰጡኝ። ለኦቾሎኒ መያዣ እንደ ቀንድ ተጠቅልሎ የነበረ ወረቀት ነው። አንዱ ጥግ ተቀዷል፣ መሐሉ ዘይት ጠጥቷል። ራስጌው ላይ «ኤረር በር፣ ከቀትር በኋላ» ይላል፤ ግርጌው ላይ ቀኑ፣ ኅዳር ሚካኤል፣ ከከታቢው ፊርማ ጋር። ከላይ አራተኛው መስመር ላይ የእሷ ስም፣ የአባቷ ስም፣ መንደሯ። ከስሙ ጎን ያ ትንሽ ሰማያዊ አውራ ጣት።

«ምን ይላል?» አሉ አው።

«ሴትየዋ እዚህ ነበረች ይላል» አላቸው አስተርጓሚው።

«አልሐምዱሊላህ። ሰው ነዋ የለቀምኩት!» አሉ። ላደረጉት ነገር ምንም አልቀበልም ብለው ማሉ። አንድ ነገር ብቻ ለመኑን። «ስትጨርሱ መልሱልኝ። እንዳትጥሉት።» እመልሳለሁ ብዬ ቃል ገባሁ።

ግንቦት ላይ ቀጠሮው ደረሰ። ጠበቃችን ገጹን ሲያቀርቡ ዐቃቤ ሕጉ በሁለት ጣቱ ይዞ አሸተተው። ሰው ሳቀ። «ክቡራን ዳኞች፣ ይህ የቅመም መጠቅለያ ነው። ከመንገድ የተለቀመ ወረቀት ሰው ከመግደል ወንጀል ነጻ ያወጣል እንዴ? ከመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ቤት መውጣቱን ማን ያውቃል? ትናንት ማታ ያልተጻፈ መሆኑንስ?»

የመሐል ዳኛው ወደ ጠበቃችን ተመለከቱ። «ይህ ወረቀት በመሥሪያ ቤቱ ተቀማጭ እንደነበረ፣ ከዚያም እንደወጣ የሚያስረዳ ሰው አለ?»

ከጠበቃው ኋላ፣ ዶሴዎቹን ጉልበቴ ላይ ይዤ ተቀምጫለሁ። በፊርማዬ ተቀብዬዋለሁ፣ በፊርማዬ አውጥቼዋለሁ። በዓለም ላይ ይህን የሚያስረዳ አንድ ሰው ቢኖር እኔ ነኝ። ከታቢው ወደ ሌላ ጠቅላይ ግዛት ተዛውሮ የላክንለት መጥሪያ ሁለት ጊዜ ተመልሷል፤ የድሮ አለቃዬም ሞተዋል። እኔ ግን ተነሥቼ ከተናገርኩ «ተመርምሮ» ብዬ የፈረምኩት ሐሰት መሆኑን በራሴ አፍ መመስከሬ ነው። ከሥራ ያስባርራል፤ ምናልባትም ያሳስራል። ልጆች አሉኝ፣ ቤት ኪራይ አለብኝ፤ ሰበብ ስፈልግ ሰበብ ሞልቶኛል። ጠበቃው ዞረው አዩኝ። ወረቀቱ በእጄ ማለፉን ነግሬያቸው አይደለም፤ መዝገብ ነክ ነገር ሲነሣ ሁልጊዜ ወደኔ ስለሚዞሩ ነው። አንገቴን ደፍቼ የዶሴውን ክር ማሰር ጀመርኩ። ታስሮ የነበረውን ክር ፈትቼ መልሼ አሰርኩት።

«ለጊዜው የለንም» አሉ ጠበቃው። ችሎቱ ሁለት ወር ቀጠረ፤ እስከዚያ አስረጂ ካልቀረበ ወረቀቱ ውድቅ ይሆናል።

በእነዚያ ሁለት ወራት በየቀኑ ነገ እናገራለሁ ብዬ አደርኩ። «ነገ ና» የሚሉትን ሹሞች ሁሉ በአንድ ሆዴ ሰብስቤ የያዝኩ ሰው ሆንኩ። አስተርጓሚው መጀመሪያ መከረኝ፣ ቀጥሎ ለመነኝ፣ በመጨረሻ እኔን ማነጋገሩን ተወ። «የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ይላሉ እናንተ ዘንድ። አንተ ግን ውሃውን ይዘህ ነው የቆምከው» ብሎኝ ነበር ከመተዉ በፊት።

ሐምሌ ሲገባ የእናትየዋ ቋጠሮ ወህኒ ቤት መድረሱን አቆመ። አስተርጓሚው ሐኪም ጋራ ሄዶ ጠየቀ። አሮጊቷ በብርድና በሳል ሦስት ቀን ተኝተው ሞተዋል፤ ተቀብረዋልም። ለልጅቷ መንገር ያለብን እኛ ነበርን፤ ሄድን። ሰምታ አልጮኸችም። አውራ ጣቷን በሌላው እጇ ጨበጠች።

«ወረቀቱ መገኘቱን ሰምታ ነበር?» ብላ ጠየቀች።

«ሰምተዋል» አላት አስተርጓሚው።

«ምን አለች?»

አስተርጓሚው ወደ እኔ ሳይመለከት መለሰላት፤ ከዚያ የመለሰውን በአማርኛ ለእኔ ደገመልኝ። «በሚመጣው ቀጠሮ ወደ ቤት ይዣት እሄዳለሁ ብለው ነበር።»

ከዚያ ግቢ እንዴት እንደወጣሁ አላስታውስም። በቀጥታ ጠበቃው ጋ ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ፊርማውን፣ ሻይ ቤቱን፣ ግንቦት ላይ ክር ማሰሬን። ስድብ ጠብቄ ነበር፤ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። እሳቸው ግን መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። «ሁለት ወር!» አሉ። ቆይተው «ሁለት ወር ሙሉ!» ብለው ደገሙት። ከዚያ ወረቀትና ብዕር ወደ እኔ ገፉ። «ተቀመጥና ጻፈው። ነገ እንዳትለኝ።»

በቀጠሮው ቀን ምስክር ሆኜ ቆምኩ። የተወገዱትን መመዝገቢያ ደብተር ከመሥሪያ ቤቱ አስመጡ፤ ፊርማዬን አየሁት፣ የኔ ነው አልኩ። ሌሎቹም ከአው ቤት የተገኙ ወረቀቶች፣ የራሴ ጽሕፈት ያለባቸው፣ ቀረቡ። አሻራዋን ከገጹ ላይ ካለው ጋር ባለሙያ አመሳከረው፤ አንድ ነው። ዐቃቤ ሕጉ ግን በቀላሉ የሚለቅ ሰው አልነበረም።

«ያን ጊዜ መርምሬ ጥቅም የለውም ብለህ ፈርመሃል። ዛሬ ደግሞ ይጠቅማል ብለህ ትምላለህ። የትኛውን ቃልህን እንመን?»

«ያን ጊዜ አላየሁትም። አሁን አይቼዋለሁ» አልኩት።

«ግንቦት ላይስ? እዚህ አዳራሽ ውስጥ አልነበርክም?»

«ነበርኩ።»

አስተርጓሚው ቃሌን ወደ ኦሮምኛ እየመለሰ ለእሷ ያሰማት ነበር። ይህችንም ቃል መለሰላት። ያኔ ብቻ ቀና ብላ አየችኝ። ምን እንዳየችብኝ ዛሬም አውቃለሁ ብዬ አልዋሽም።

ነጻ ወጣች። ዳኛው ውሳኔውን ሲያነቡ ድምፃቸው የገበያ ዋጋ የሚያነቡ ያህል ተራ ነበር። ችቦ አየን ያሉትን ሦስቱን ምስክሮች የጠየቃቸው የለም፤ ባለመሬቱም በመኪናው መጥቶ በመኪናው ሄደ። መሬቷን የመለሰላት የለም። ለእኔ ደግሞ ሕግ ሳይሆን ዕድል ደረሰኝ፤ ጠበቃው ስለ እኔ ለመኑ፣ እኔም ከሥራ ሳልባረር በከባድ ተግሣጽ ታለፍኩ። ተግሣጹ በአምስት ግልባጭ ተጽፎ በየዶሴው ገባ።

በሳምንቱ የውሳኔውን ግልባጭ ለእሷ ሰጠኋት። ወዴት እንደምትሄድ ስጠይቃት፣ ወረቀቱን ማን እንዳቆየላት ከአስተርጓሚው ሰምታ ነበርና፣ አው ዘንድ ውሰዱኝ አለች። ሦስታችን በኤረር በር ገባን። አው ከነደባቸው ላይ ተነሥተው ተቀበሏት፤ «እማ» አሏት፣ ስለ እናቷም ዱዓ አደረጉላት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ወረቀቴስ ልጄ?»

ቃል የገባሁትን ረስቼው ነበር። ገጹ ከዶሴው ጋር ተሰፍቷል፣ ማኅተም ተመቶበታል፤ ከእንግዲህ አይወጣም። ይህንኑ ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ፣ አልተቆጡም። እሷ ግን ውሳኔውን ከመቀነቷ ፈታ አወጣችና ለሽማግሌው ዘረጋችላቸው። አስተርጓሚው ተረጎመልኝ፤ «በዚያ ፈንታ ይህን ያስቀምጡልኝ» ነው ያለችው።

«ቤትሽ ያዢው እንጂ፤ የሚያስፈልግሽ ነገር ነው» አልኳት። «ደግሞ አትስጊ፤ ዋናው እኛ ዘንድ ይቀመጣል።»

ሰምታ ወደ እኔ ዞረች። «እናንተ ዘንድ?» አለች። የተናገረችው ይህን ብቻ ነው። አው ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ተቀብለው፣ አጥፈው፣ ያ ገጽ ከወጣበት ቀዳዳ ውስጥ አስገቡት።

ከዓመታት በኋላ ሐረርን ልለቅ ስል የእሷን ዶሴ ለመጨረሻ ጊዜ ላየው ፈለግሁ። በመዝገቡ ላይ ቁጥሩ አለ፤ መደርደሪያው ላይ ግን ከፊቱም ከኋላውም ያሉት ዶሴዎች ተቀምጠው የእሷ ቦታ ባዶ ነው። ጠየቅሁ፣ ተቆጣሁ፣ ጮኽኩ፤ «ነገ ና» አሉኝ። የኔ ተግሣጽ ግን አምስቱም ግልባጭ እያንዳንዱ በየቦታው አለ፤ አንዱም አልጠፋም።

ከዚያ ወጥቼ በእግሬ ኤረር በር ሄድኩ። አው በጣም አርጅተው ነበር፤ ዐይናቸውም ደክሟል። የምፈልገውን ስነግራቸው ግድግዳውን በእጃቸው እየዳበሱ ሄደው አወጡልኝ። ግቢው ውስጥ ቆሜ ከመጀመሪያው መስመር እስከ ማኅተሙ አነበብኩት። ጨርሼ መልሼ ሰጠኋቸው፤ እሳቸውም ቦታው አስገቡት።